ቤተ መንግሥትና ዜማ፤ ነገሥታቱ በእውነት ይወዱት ነበርን?

የነገሥታት ወገኖች የረቀቀውን ዜማና ኪነ ጥበብ ከልባቸው ይወዱታልን ወይስ ማዕርጋቸው ስለሚያስገድዳቸው ብቻ ይታደሙታል የሚለው ክርክር፣ ዘውድ ባለበት አገር ሁሉ በየዘመኑ የሚነሣ ነው። ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ስለ ሣልሳዊ ቻርልስ በወጣትነታቸው ቼሎ ይጫወቱ እንደ ነበር፣ ስለ ጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ስለ ናሩሂቶም ቪዮላ እንደሚጫወቱ ይነገራል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ግን ጦር እየመራ ዋሽንት የሚነፋ፣ ለዋሽንትም የሚሆን ድርሰት በገዛ እጁ የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረ፣ በፍቅሩ ላይ የሚከራከር የለም። የኛም ሰው ስለ ነገሥታቱ ሲጠየቅ ምስክር ፍለጋ የሚሮጠው ወደ ትያትር ቤት የክብር ወንበር ነው፤ እኔ ግን ይህ መንገድ ከመነሻው የሳተ ይመስለኛል፤ የኢትዮጵያ ነገሥታት የረቀቀውን ዜማ ለብዙ መቶ ዓመታት ያደመጡት በአዳራሽ ተቀምጠው ሳይሆን በቅኔ ማኅሌት መቋሚያ ተደግፈው ነውና።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ ያላትን ሐሳብ በግድግዳዋ ላይ ሥላ አኑራዋለች። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲያዜም፣ ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመሥጠው የያዙትን ጦር በያሬድ እግር ላይ ቢተክሉት፣ ያሬድም ሳይሰማው፣ ንጉሡም ሳያውቁት ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ደሙ እንደ ፈሰሰ የሚናገረውን ታሪክ የማያውቅ የለም። ታሪኩን እንደ ተአምር የሚቀበለው ይቀበለው፤ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሊቃውንቱ ንጉሡን ሊያመሰግኑ በፈለጉ ጊዜ መሬት ሰጠ፣ ወርቅ ሸለመ ሳይሉ፣ ዜማ ሰምቶ ራሱን ረሳ ማለታቸው ነው። ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የድጓውን ምልክት የሠሩት ጌራና ራጉኤል ሁለቱም «አዛዥ» የሚል የቤተ መንግሥት ማዕርግ ይዘው መጠራታቸው፣ ዜማው ከዙፋኑ ጥላ ምን ያህል ሳይርቅ እንደ ኖረ ያሳያል።

ሁሉም ግን በማኅሌት የተወሰነ አልነበረም። በጎንደር በፋሲል ግቢ ውስጥ፣ ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. የነገሡት ሣልሳዊ ዳዊት ያሠሩት የዘፈን ቤት እስከ ዛሬ ከነግንቡ ይታያል። አባቶቻቸው ግንብ ያሠሩት ለመኖሪያና ለግርማ ሲሆን፣ እኒህ ንጉሥ በአጭር ዘመናቸው ለዘፈን ብቻ የተለየ አዳራሽ ማቆማቸው፣ የልባቸው ዝንባሌ ወዴት እንደ ነበር በድንጋይ የተጻፈ ምስክር ነው፤ ምንም እንኳ ደብተራው ይህን ዓይነቱን ዝንባሌ በበጎ ዓይን አያየው ይሆናል ብዬ ብገምትም።

ወደ ጎጃም ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል፤ እዚህ የረቀቀ የሚባለው ጥበብ ከሁሉ በፊት ቅኔ ነው። ከአባይ እስከ አባይ ባለው ምድር እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ደብረ ኤልያስ ጉባኤ ዘርግተው፣ ከትግራይም ከሸዋም ከወሎም ተማሪ ሲጎርፍላቸው ኖሯል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሹን ይለምናል፤ ማታ ከጎጆው ገብቶ ከሁለቱ ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝሁ፣ በዋዜማ እያለፈ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ለመድረስ በቃሉ ሲቆጥርና ሲዘርፍ ያድራል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬም ሆነ ከገበዝ ማርያም አካባቢ በገበሬ ቤት ያደገ ሰው፣ ያን ተማሪ እናቱ ከምጣዱ ላይ ቆርሳ ስትሰጠው ያላየ ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ በጎጃም የቅኔ ዋናው ደጋፊ ይህች እናት እንጂ ንጉሥ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሆኖም የጎጃም ንጉሥ ከዚህ ጉባኤ ውጭ አልነበሩም። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ከነገሡ በኋላ፣ መናገሻቸውን ደብረ ማርቆስ አድርገው ሊቃውንትን በዙሪያቸው ሰብስበዋል። ከነዚህ ውስጥ በሕፃንነቱ ከጉድሩ ተማርኮ የመጣው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም የሆነው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ አንዱ ነው፤ ዛሬ ስለ ጎጃም ትውልድና ታሪክ ብዙ የምናውቀው ከሱ ብዕር ነው። አንድ ገዥ ኪነ ጥበብን ስለ መውደዱ ምልክቱ ምንድር ነው ቢሉኝ፣ የማረከውን ሕፃን ሠዓሊና ደራሲ አድርጎ የሚያሳድግ ግቢ መኖሩ ነው እላለሁ፤ ምርኮው ራሱ ግን ዛሬ ስንሰማው የሚዘገንን መሆኑን ሳልረሳ።

ከነገሥታቱ ቤት ሁሉ ዜማን ለዜማነቱ ስለ መውደዳቸው ያለ ማመንታት የምመሰክርላቸው ግን እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ከዚሁ ከጎጃም ምድር የቀመሱ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ከምትገኘው ከደብረ መዊ ከእናታቸው ጋራ ተቀምጠው፣ ለሴት ልጅ እምብዛም ባልተለመደበት ዘመን ፊደልና መጻሕፍት ተምረዋል። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን ካገቡ በኋላ፣ በቤተ መንግሥቱ ሥራ፣ በጦርና በፖለቲካ ተጠምደው ሳሉ፣ ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱና በገና እንደሚደረድሩ የጊዜው ሰዎች መስክረውላቸዋል።

በገና ለታይታ የሚመች መሣሪያ አይደለም። ዐሥሩ አውታር ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው፤ በርኩማው ላይ በየአውታሩ ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ያ ውስጥን የሚነዝር፣ ከሩቅ የተነሣ ንብ የሚመስለው ድምፅ የሚወጣው ከዚች ቁራጭ የተነሣ ነው፤ እንዝራዋ በጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለች አውታሩ ይደነቁራል፤ ስለዚህ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ሲያስተካክል ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በዐቢይ ጾም፣ ከበሮና እልልታ በሌለበት፣ በጓዳ ተቀምጦ ነው የሚደረደረው፤ የሚዜምበትም ነገር ሞትና ንስሓ፣ የዚህ ዓለም ኃላፊነት ነው። ዘውድ የጫነች ሴት፣ አዝማሪውን አስጠርታ ማስዘፈን ሲቻላት፣ ራሷ እንዝራዋን አስተካክላ የሞትን ነገር ስትደረድር፣ ይህን ለክብር ሲባል የተደረገ ነው የሚል ካለ ከበገና ጋራ አልተዋወቀም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ግን ቤተ መንግሥቱ ሌላ ድምፅ ወደደ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ላኩ፤ አስተማሪም ከዚያው መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አርመናውያን የሙት ልጆች የማርሽ ባንድ ሰምተው፣ አርባውን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ በዚያ ጉዞ ላይ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም አብረው ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በዘውድ በዓሉ ላይ የተሰማው፣ እስከ አብዮቱ ዘመን የዘለቀው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የናልባንዲያን ሲሆን፣ ግጥሙ ደግሞ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ልጅ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። የጎጃም ጉባኤ ያፈራው ባለ ቅኔና ከእልቂት የተረፈ አርመናዊ በአንድ መዝሙር መገናኘታቸው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ጠባይ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ይገልጠዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሙዚቃ ይወዱ ነበርን? ለሙዚቃ ያደረጉት ብዙ ነው። በንግሥናቸው 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው፣ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው ቤት ተከፈተ፤ የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያ አሠለጠነ፤ ክቡር ዘበኛ ስመ ጥር ኦርኬስትራ አቆመ፤ በያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ኃላፊው አሸናፊ ከበደ የእረኛውን ዋሽንት ለአውሮፓ ኦርኬስትራ የሚያስማማ ድርሰት ጻፈ፤ በ1966 ዓ.ም. ታላቁ አሜሪካዊ የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከእጃቸው ኒሻን ተቀበለ። ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ታላቅም ሥራ ነው፤ የጆሮ ፍቅር ምስክር ግን አይደለም። ሙዚቃ ለሳቸው በሠለጠኑት መንግሥታት ዘንድ አገሪቱን የሚያስከብር ልብስ ነበረ ብል የምሳሳት አይመስለኝም። የልብ ፍቅር የነበረው ለምሳሌ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊስና በግብፅ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ወደ ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው ሲዘጋ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ፒያኖውን ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተዉትም።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በበላያ በኩል ወጥተው፣ ጠላት ቡሬን ለቆ ሲሸሽ በዚያው መንገድ ደብረ ማርቆስ ገብተዋል፤ ያለፉበት አገር ሁሉ የአብነት ጉባኤ ያለበት ነው። በኋላ በአዲስ አበባ ለማርሽና ለትያትር ሕንጻ ሲቆም፣ የቡሬና የዳሞት ተማሪ ግን እንደ ቀድሞው ቁራሹን ለምኖ ያድር ነበር። አብዮቱ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ መምህራኑ ይተዳደሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ሄደ፤ በገናም በሃይማኖትነቱ ተጠርጥሮ ከሬዲዮ ራቀ፤ በያሬድ ትምህርት ቤት ዓለሙ አጋ ያስተምሩት የነበረው የበገና ትምህርት ተቋረጠ። ዛሬ በገና በከተማ ወጣቶች ዘንድ እንደ ገና ተወድዷል፤ በአዲስ አበባ በጾም ወራት የሚሰማው የበገና ድምፅ ከነገሥታቱ ዘመን ይልቅ የበዛ ሳይሆን አይቀርም። የቅኔው ጉባኤ ግን ንጉሥም፣ መሬትም፣ ሬዲዮም የለውም፤ የአገሩ ሰላም በታወከባቸው ባለፉት ዓመታት ደግሞ ቁራሽ ለመለመን እንኳ መንገዱ አስቸጋሪ ሆኗል።

ስለዚህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየገጠሩ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በየአጥቢያችሁ ጉባኤ የዘረጋውን መሪጌታ ስሙንና የተማረበትን ወንበር ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ሲያዜም ድምፁን በእጃችሁ ባለው ስልክ ቅዱ፤ ሰበካ ጉባኤያትም ከበዓል ወጪያቸው ቀንሰው ለተማሪው ቀለብና ማደሪያ ይቁረጡለት።