ፀሐይ ስትቆጣ ቡሬ ላይ ምን ይሆናል?

በቴሌግራምና በፌስቡክ በየጊዜው የሚዞር አንድ መልእክት አለ፦ ዛሬ ሌሊት ከህዋ አደገኛ ጨረር ስለሚመጣ ስልካችሁን አጥፉ የሚል። ደርሶዎት ከሆነ አይደንግጡ። የፀሐይ ማዕበል ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ አያቃጥልም፤ እኛንም የምድር አየርና መግነጢሳዊ መስክ ይከልሉናል።

ማዕበሉ ራሱ ግን ተረት አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በካናዳዋ ኩቤክ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ለሰዓታት ያለ መብራት አስቀርቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ20 ዓመታት ወዲህ ከታዩት ሁሉ የበረታው ሲከሰት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በዘር ወቅት ላይ የነበሩ ገበሬዎች በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮቻቸውን ለማቆም ተገደዋል።

ምዕራብ ጎጃም በሬው በጂፒኤስ አይመራም። ቢሆንም ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ የራሱ ጠባይ አለው። የኮምፓስ መርፌ ፍጹም አግድም የምትተኛበት መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኬንያ ሳይሆን በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ የሞላችው የላይኛው አየር፣ አዮኖስፌር የሚባለው፣ ከጠለቀች በኋላ እንደሚንተከተክ ሽሮ ከሥሩ አረፋ ያወጣል። የሳተላይት ምልክት በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ ሲያልፍ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ የሚብሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ እንዲሁም በየ11 ዓመቱ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ነው።

ታዲያ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም? ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ የቆሙ ሳተላይቶች ማዕበል ሊደርስ ሲል ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ቀድመው ያስጠነቅቃሉ። የእኛ አረፋዎች ግን ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ቀንም ይነሳሉ፤ እንዲያውም አንዳንድ ማዕበል ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ከአሜሪካ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ ዛሬ ማታ ቡሬ ላይ ስለሚሆነው ብዙም አይነግረንም። ለዚህ የቅርብ ዓይን ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለው (ዋሸራ የቅኔ አገር መሆኑን ለጎጃም ሰው መንገር አያሻም)። ባሕር ዳር ላይ የተተከሉ የጂፒኤስ መቀበያዎች የሚመዘግቡት ይህንኑ የምልክት መዋዠቅ ነው። እኔ ከማንኛውም የፌስቡክ ነቢይ ይልቅ እነሱን አምናለሁ።

በገበያ ሥራዬ ለደንበኛ ሎኬሽን መላክ የዘወትር ነገር ነው። በርበሬ የሚጭን ሾፌር አንድ ቅያስ ቢስት ደውሎ ይጠይቃል፤ ችግር የለውም። የመሬት ወሰን ላይ ግን እንዲህ አይቀልም። ስልክ በደህናው ቀን እንኳ በበርካታ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ በጎኑ 50 ሜትር ነው ብንል፣ የ5 ሜትር ስህተት 250 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ የቃዳው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። በዚህች ስፋት ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ይመላለሱባታል።

ባለሙያ ቀያሾች የሚጠቀሙበት መሣሪያ በሁለት ሞገድ ስለሚቀበል አብዛኛውን የአዮኖስፌር ስህተት ያርማል። እናም ወንድምዎ ወይም አጎትዎ ስልኩን ይዞ “ወሰኑ እዚህ ጋ ነው” ካለዎት ችካሉን ከመትከላችሁ በፊት ቀያሽ ጥሩ። ለግምት ብቻ ከሆነ ከምሽትና ከቀትር በኋላ ይልቅ ማለዳው ይሻላል።