የዝናብ መለኪያ በፍርድ ቤት ይመሰክራልን?

ከቦሳ ኪቶ ተነሥተን ወደ አጋሮ ስንጓዝ ግራና ቀኙ ቡና ነው። ዐረቢካ ቡና ብዙ ሙቀት አይወድም፤ የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በቂ እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚያበቅለው የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ታዲያ ገበሬው ማንን ይክሰስ?

ዳኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጉዳቱን ማን እንዳደረሰ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አየር ውስጥ ከገባ በኋላ ከየት እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች የዓለምን የአየር ንብረት በኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ያሰላሉ፤ አንድ ጊዜ ከሰው ልጅ የጋዝ ልቀት ጋር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ልቀቱ። ለምሳሌ ያህል፣ ያለ ልቀቱ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርስ የነበረ ድርቅ ከልቀቱ ጋር ሁለት ጊዜ የሚደርስ ከሆነ፣ ከአደጋው ዕድል ግማሹ የሰው ልጅ ሥራ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው ብርቱ ሙቀት በዚህ ዘዴ ተጠንቷል።

ሳኡል ሉሲያኖ ሊዩያ የተባለ የፔሩ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ2015 አር.ደብሊው.ኢ. የተባለውን የጀርመን ኃይል አመንጪ ኩባንያ ከሰሰ። ኩባንያው በታሪክ ከተለቀቀው ጋዝ 0.47 በመቶ ድርሻ ስላለው፣ ከበረዶ መቅለጥ የተነሣ ከሚያሰጋው ጎርፍ ለመከላከል ከሚወጣው ወጪ ያንኑ ያህል እንዲከፍል ጠየቀ። የሐም ከተማ ፍርድ ቤት በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ትላልቅ በካዮች በመርሕ ደረጃ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ተቀበለ፤ ሆኖም ጎርፉ በ30 ዓመት ውስጥ ቤቱ ዘንድ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው በማለት ክሱን ውድቅ አደረገ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም ከሁለት ወር በኋላ በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ግዴታቸውን የጣሱ መንግሥታት ካሣ ሊጠየቁ እንደሚችሉ፣ ጥፋቱና ጉዳቱ መያያዛቸው ግን መረጋገጥ እንዳለበት ገልጿል።

በአገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። የጎደለው የአካባቢው ልኬት ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ የዝናብ መለኪያ አቁሙ፤ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት አንብባችሁ ከነቀኑ መዝግቡ፤ ስትመረቁም መዝገቡን ለተከታዮቻችሁ አስረክቡ። የ30 ዓመት ንባብ ያለው የጎማ ወይም የሊሙ ገበሬ ዳኛ ፊት ባዶ እጁን አይቆምም።