ገለባም ያርማል

የእርሻ ነገር ሲነሣ የከተማ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሞፈርና ቀንበር፣ በሬና ጅራፍ ነው። ነገር ግን የደጋውን ገበሬ ቤተ ሰብ ክረምቱን ሙሉ አጐንብሶ የሚያውለው አረም ነው። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ዝናቡን በጀርባቸው ተቀብለው፣ ሙጃውንና እንክርዳዱን በእጃቸው ሲነቅሉ ይውላሉ። አረሙ በጊዜው ካልተነቀለ ለእህሉ የሚገባውን ውሃ፣ ብርሃንና የመሬት ስብ ይወስደዋል። ስለዚህ ይህን ድካም የሚያቃልል ዘዴ ሁሉ ሊመረመር የተገባ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ዘዴ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ይኸውም ገለባውንና አገዳውን በማሳው ላይ አንጥፎ አረሙን ማፈን ነው።

የብዙው አረም ዘር እጅግ ደቃቅ ነው። አያሌው ለመብቀል ብርሃን ይሻል፤ በውስጡ የያዘውም ስንቅ ጥቂት ስለ ሆነ ቡቃያው ቶሎ ፀሐይ ካላየ በመንገድ ይቀራል። መሬቱ በወፍራም ገለባ ሲሸፈን ብርሃኑ ይከለከላል፤ የቀንና የሌሊት ሙቀቱም ስለሚቀራረብ ብዙውን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ምልክት ይጠፋል። ከገለባው ሥር የሚጠለሉ ጥንዚዛዎችም የአረም ዘር ይለቅማሉ።

ከዚህም በላይ አንዳንድ ተክል ጐረቤቱን የሚያቀጭጭ ቅመም ያወጣል። ተክል በተክል ላይ በቅመም የሚያደርሰውን ለውጥ የኦስትሪያው የዕፀዋት ሊቅ ሃንስ ሞሊሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 አሌሎፓቲ ብሎ ሰየመው። እኛ ከጥንት ጀምሮ የምንዘራው ማሽላ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ሥሩ ሶርጎሊዮን የተባለ አረም የሚያዳክም ቅመም ያመነጫልና።

ጃፓናዊው ገበሬ ማሳኖቡ ፉኩኦካ በ1975 በወጣው መጽሐፉ ይህን የመሰለ ሥራ ለዓለም አስታውቋል። ሩዙ ገና ሳይታጨድ ገብስና ከማገጥ ወገን የሆነ ሣር በመካከሉ ይዘራል፤ ሩዙ ከተወቃ በኋላ ገለባውን ሳይከትፍ መልሶ በማሳው ላይ ይበትነዋል። ማሳውን አያርስም ነበር።

እንግዲህ ይህን ወደ ሀገራችን ደጋ እንዳለ ማምጣት ይቻላልን? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ የገለባ ባለቤቱ ብዙ ነው። የጤፍ ጭድ በጋውን በሬና ላም ይመገቡታል፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ቤት ይመረግበታል። የማሽላና የበቆሎ አገዳ ማገዶም አጥርም ይሆናል። በብዙ ቦታ አዝመራው እንደ ተሰበሰበ ማሳው የመንደሩ ከብት ሁሉ መሰማሪያ ስለሚሆን አንድ ገበሬ ብቻውን ገለባውን ቢተው የጐረቤቱን ከብት ከመቀለብ በቀር የሚያተርፈው የለም።

የገለባው ኀይልም ወሰን አለው። ስሱ ገለባ እርጥበት እየያዘ አረሙን ሊያፋፋው ይችላል። አፈር እንዳይሸረሸር የሚመክሩ ባለሙያዎች በዘር ጊዜ ከመሬቱ ቢያንስ 30 በመቶው ይሸፈን ይላሉ፤ አረምን ለማፈን ግን ከዚህ እጅግ የበዛ ያስፈልጋል። ሰርዶና እንግጫ ከመሬት ሥር ካለው ስንቃቸው ስለሚነሡ ገለባውን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ደግሞም ገለባ ጤፍን ከአረም አይለይም፤ 1 ሺሕ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይመዝንምና አረሙን ያፈነው ሽፋን ጤፉንም ያፍነዋል። ስለዚህ ዘዴው በይበልጥ የሚስማማው ፍሬያቸው ተለቅ ላለና በመስመር ለሚዘሩ እንደ በቆሎ ላሉ ሰብሎች ነው። የእህል ገለባ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ሲበሰብስም ናይትሮጅን ለጊዜው ስለሚይዝ ሰብሉ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ የባቄላና የአተር ተረፍ ቢጨመርበት ይረዳል።

ይህ ሁሉ ዘዴውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ቦታውን ለመምረጥ ግን ይረዳል። መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ከብት በማይገባበት በታጠረው የጓሮ በቆሎ ላይ ነው። ቅጠሉና የአገዳው ጫፍ ለከብት ሲሰጥ ወፍራሙ አገዳ በመስመሮቹ መካከል ሊነጠፍ ይችላል። በእርከኑ ዳር የዝሆን ሣር ቢተከል የበሬው ድርሻ በከፊል ይተካል። ጐረቤታሞች ተስማምተው አንድ ወገን ማሳ ከልቅ ግጦሽ ቢከለክሉ ደግሞ ሥራው ከጓሮ ወደ ሜዳ ሊወጣ ይችላል፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ።

ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ገጠር ለሚላኩ ወጣቶች የምናሳስበው ይህን ነው። አረም ሲነቅል የኖረ ሰው የገለባን ጥቅም ለመረዳት ብዙ ስብከት አይፈልግም፤ ገለባውን የሚያነሣው ስላላወቀ ሳይሆን ከብቱን የሚያበላው ሌላ ነገር ስላጣ ነው። እንግዲህ «ገለባውን ማሳው ላይ ይተዉት» ከማለት አስቀድሞ «አባቴ፥ በሬዎችዎ በጋውን ምን ይበላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የሄደ ሠራተኛ ምክሩን የሚሰማለት ያገኛል።