ቤት ገዝቶ ለማከራየት ለሚያስቡ፦ ከክፍያው በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በዓመታት ቁጠባ፣ በዕቁብ ወይም በውጭ ሀገር ከሚኖር ቤተሰብ በሚላክ ገንዘብ አንድ የመኖሪያ ቤት ገዝቶ ማከራየት በከተሞቻችን ለሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች የተለመደ የገቢ ምንጭ ነው። ሥራው ሱቅ ከፍቶ ከመነገድ ይቀላል ተብሎ ስለሚታሰብ ግን ብዙዎች ቤቱን እንጂ ሰነዱን ሳይመረምሩ፣ የኪራዩን መጠን እንጂ ኪራዩ የሚመራበትን ሕግ ሳያውቁ ይገቡበታል። ይህ ጽሑፍ በዘርፉ ለመሰማራት የሚያስቡ ዜጎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ሁለት ጉዳዮችን ያብራራል። አንደኛው የኪራይ ገቢ በአሁኑ ሕግ መሠረት እንዴት ሊታቀድ እንደሚገባ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቤቱ ባለቤት ሳይሆን ከመካከለኛ ሰው ቤት “በውል” የሚገዛ ሰው በእጁ የሚያስገባው መብት ምን እንደሆነ ነው።

ስሌቱ ከሕጉ ይጀምራል

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት በቃል ስምምነት የሚመራ መሆኑ ቀርቷል። ውሉ በጽሑፍ መደረግና በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። አከራዩ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለው ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ ነው። ከዚህ በፊት ተከራይቶ የማያውቅ ቤት የመጀመሪያ ኪራይ በተዋዋዮች ስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጭማሪ ግን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያሳውቀው ጣሪያ ማለፍ አይችልም።

እነዚህ ድንጋጌዎች ብዙውን ጊዜ የሚነበቡት ከተከራይ ጥበቃ አንፃር ብቻ ነው። ለአዲስ አከራይም ቢሆን የዕቅድ መነሻ ናቸው። ቀደም ሲል የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ የቤቱን ማደሻ ወይም የቀረውን የግዢ ዕዳ ለመሸፈን ማሰብ የተለመደ ነበር፤ ይህ አካሄድ ዛሬ አይሠራም። “በመጀመሪያ በርካሽ አከራይቼ በየስድስት ወሩ እጨምራለሁ” የሚለው ስሌትም እንዲሁ።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው ባለሁለት መኝታ የጋራ መኖሪያ ቤት በ4 ሚሊዮን ብር ገዝቶ በወር በ20 ሺህ ብር አከራየ እንበል። የዓመቱ ኪራይ 240 ሺህ ብር፣ ማለትም ከግዢው ዋጋ 6 በመቶ ነው። ተከራይ ሲቀያየር ቤቱ ለአንድ ወር ባዶ ቢቆም 20 ሺህ ብር ይቀነሳል። ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ ጥገናና ለነዋሪዎች ማኅበር መዋጮ በዓመት 24 ሺህ ብር ቢወጣ፣ ከግብር በፊት የሚቀረው 196 ሺህ ብር ነው። የቤቱ ዋጋ በኪራይ ብቻ ለመመለስ ግብሩ ሳይታሰብ እንኳ ከ20 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ይኸው ሰው ከዋጋው ግማሹን፣ 2 ሚሊዮን ብር፣ በ17 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቢሆን ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 340 ሺህ ብር ይደርሳል። ይህም ከጠቅላላው ኪራይ በ100 ሺህ ብር ይበልጣል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰፈር ዋጋና ባንኩ በሚጠይቀው ወለድ ተክቶ ሊያሰላው ይገባል። በብድር ቤት ገዝቶ “ኪራዩ ዕዳውን ይከፍለዋል” የሚል ተስፋ የያዘ ሰው ይህን ስሌት ከመፈረሙ በፊት በወረቀት ላይ ማስፈር አለበት።

የቤቱ ዋጋ በጊዜ ሂደት ከፍ ማለቱ ትርፍ ነው የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን የዋጋ ጭማሪው በእጅ የሚገባው ቤቱ ሲሸጥ እንጂ የወሩ ብድር በሚከፈልበት ቀን አይደለም።

ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ “ለ” ሥር የሚወድቅ ነው። ለግለሰብ አከራይ ምጣኔው ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለተደረገበት፣ የገቢ መደቦቹንና ለጥገና ወይም ለእርጅና የሚፈቀደውን ተቀናሽ ቤቱ በሚገኝበት አካባቢ ካለው የግብር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይመረጣል። የኪራይ ውሉ ስለሚመዘገብና ክፍያውም በባንክ ስለሚያልፍ፣ በውል ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ጽፎ ልዩነቱን በእጅ መቀበል አከራዩን ራሱን ይጎዳል፤ ክርክር ቢነሳ ሊያስረዳ የሚችለው የተጻፈውን ያህል ብቻ ነውና።

ተከራይ ያለበትን ቤት ለሚገዛም ሰው አንድ ነገር መታወስ አለበት። ቤቱ ወደ አዲስ ባለቤት ሲተላለፍ የኪራይ ውሉ በዚያው ቀን አያበቃም፤ አዲሱ ባለቤት ውሉን ለማቋረጥ ለተከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። ተከራዩ በበኩሉ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ቤቱን ራሱ ሊኖርበት፣ አልያም አድሶ በሌላ ዋጋ ሊያከራየው አስቦ የሚገዛ ሰው ስድስቱን ወር ከዕቅዱ ውስጥ ያስገባ።

“ውል” የሚሸጥ ሰው በእጁ ያለው ምንድን ነው?

በአንዳንድ ሀገሮች ቤት ሳይገዙ በቤት ግብይት ማትረፍ የታወቀ ሥራ ነው። መካከለኛው ሰው ከባለቤቱ ጋር የግዢ ውል ይገባል፤ ርክክቡ ሳይፈጸም የገዢነት መብቱን ጨማሪ ከፍሎ ለሚወስድ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። ሐሳቡ በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ወደ እኛም ስለደረሰ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር ኢንቨስትመንት ተደርጎ ሲቀርብ ይታያል። በውል የተገኘን መብት ለሌላ ማስተላለፍ ሕጉ ወይም ውሉ ራሱ ካልከለከለ በስተቀር በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወቀ ነው። ችግሩ የሚተላለፈው መብት በመጀመሪያ በሕግ ፊት መኖሩ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በደላላ ቢሮ፣ በሦስት ምስክር ፊት የተፈረመ ወረቀት ይህን አያሟላም።

ባዶ መሬትም በዚህ መንገድ እየተገዛ አይሸጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ግንባታ ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ የሊዝ መብትን ማስተላለፍን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አድርጎታል። ከውርስ በስተቀር፣ አስተላላፊው የሚያገኘው በአዋጁ የተዘረዘሩትን ክፍያዎች ብቻ ሆኖ ቀሪው ልዩነት ለመንግሥት ገቢ ይሆናል።

ይበልጥ አሳሳቢው በውክልና የሚደረግ የጋራ መኖሪያ ቤት ሽያጭ ነው። በመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም የተላለፉ ቤቶች ለአምስት ዓመት በሽያጭ እንዳይተላለፉ ገደብ ስላለባቸው፣ ገዢው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ በእጁ የሚይዘው ከባለዕጣው የተሰጠውን ውክልና ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመርሕ ደረጃ ቀሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቤቱን የሚጠይቁት ወራሾቹ ናቸው። ውክልናው ከአንድ ሰው ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ተላልፎ ከሆነ፣ የመጨረሻው ገዢ ገንዘቡን የሰጠው ፈጽሞ አይቶት ለማያውቀው ሰው ቃል ነው። ለዓመታት ኪራይ ሲሰበስብ ቢቆይ እንኳ ይህ ሁኔታ አይለወጥም።

ስለዚህ ማንኛውም ቅድሚያ ክፍያ፣ “ቀብድ” የሚባለውም ጭምር፣ ከመሰጠቱ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ ቤቱ በባንክ መያዣ ያልተያዘና የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑ ይዞታውን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት መጣራት አለበት። የፎቶ ኮፒ ካርታ ማየት ማጣራት አይባልም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነትም አስፈላጊ ነው፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ አዲስ አከራዮችንም በቀጥታ ይመለከታል።

ቤቱ ከተገዛ በኋላ

አከራዩና ተከራዩ የፈረሙትን ውል፣ የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃና መታወቂያቸውን ይዘው በ30 ቀናት ውስጥ ለምዝገባ ይቀርባሉ። በአዲስ አበባ ምዝገባው ቤቱ በሚገኝበት ወረዳ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይከናወናል። በክልል ከተሞች ቤት ያላቸው ተገልጋዮች አዋጁ በከተማቸው ተፈጻሚ መሆኑንና ምዝገባው የት እንደሚካሄድ ከከተማው አስተዳደር ያረጋግጡ። በውጭ ሀገር የሚኖሩ የቤት ባለቤቶች በወኪል በኩል ማከራየት የሚችሉ ሲሆን፣ የውክልናው ሰነድ ማከራየትን፣ የኪራይ ውል መፈረምንና ማስመዝገብን፣ እንዲሁም ግብር መክፈልን ለይቶ መጥቀስ አለበት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ የመጣ ውክልና እነዚህን ዝርዝሮች ሳይዝ ከቀረበ እንደገና ተጽፎ እስኪመጣ ድረስ 30ው ቀን ሊያልፍ ይችላል።