እድር ከቀብር በፊት

በኢትዮጵያ ከተሞች ወረርሽኝ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አባላቱን ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት የተቋቋመው እድር፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ምን ያህል ሊደርስለት ይገባል? ብዙዎች ነገሩን የገንዘብ ጉዳይ ያደርጉታል፤ የእድር መዋጮ በሽታን ለመቋቋም አይበቃም ይላሉ። ስለ ገንዘቡ ልክ ናቸው። የእድር ትልቁ አቅም ያለው ግን ካዝናው ውስጥ አይደለም። የአባላት መዝገቡ በየትኛው ቤት ማን እንደሚኖር ያሳያል፤ ደንቡ ለቅሶ ያልደረሰን ይቀጣል፤ ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈርተኛው ሥራውን ትቶ ይወጣል። መዝገብን፣ ግዴታንና መተማመንን አንድ ላይ የያዘ ሌላ የሰፈር ተቋም ማግኘት ይከብዳል። በቀውስ ጊዜ ሊሠራበት የሚገባውም ይኸው ነው።

ይህ አቅም በሰፊው የተፈተነው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሞቱ በወጣቱና በጎልማሳው ላይ በረታ፤ ለወትሮው ሞት የተሰላው መዋጮም ከቀብሩ ብዛት ጋር አልመጣጠን አለ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የነበሩ በርካታ እድሮች መዋጮ ከመጨመር አልፈው ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። ለታመመ አባል ድጋፍ መስጠት፣ ወላጅ ላጡ ልጆች ቀለብና የትምህርት ቁሳቁስ ማሟላት፣ አልጋ ለያዘ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ማስታመም የእድር ሥራ ሆነ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው በገንዘብ የማይለካው ለውጥ ነው። በሽታው ስሙ በማይጠራበት፣ ሐዘንተኛው ቤተሰብ የሞቱን ምክንያት በሚደብቅበት ሰፈር፣ የእድሩ ዳኛ በአባላቱ ፊት ስለ ኤች አይ ቪ በግልጽ ሲናገር ሰሚ ነበረው፤ ሰፈርተኛው የሚያከብረው ሽማግሌ ነውና። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምርም፣ መድኃኒቱን ሐኪም ያዝዝ ነበር፤ ሕመምተኛው እንዳያቋርጥ በየዕለቱ የሚያበረታው ግን ጎረቤት ነበር።

ኮሮና የመጣው በሌላ በር ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ኤድስ የእድሩን ገንዘብ ነበር የጎዳው፤ ኮሮና ግን ዋና ሥራውን፣ መሰብሰብን፣ አደገኛ አደረገው። ድንኳን መትከል፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ሠልስት እስኪወጣ ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ በሽታ ማስተላለፊያ ሊሆን ቻለ። በዚህ ጊዜ የድንኳኑንና የድግሱን ወጪ በጥሬ ገንዘብ ለሐዘንተኛው የሰጡ፣ ሥራ ላቆሙ አባላት መዋጮ ያዘገዩ፣ ለችግረኛ እህል የገዙ እድሮች ነበሩ። መንግሥትም የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ከአካባቢ ሥራ ግዴታ ነፃ አድርጎ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ ሰጥቷል። ሁለቱም ሥርዓታቸውን ሳያፈርሱ ደንባቸውን አላልተዋል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ አባሉ ያዋጣው ለቀብሩ ነው፣ ገንዘቡን ለሌላ ማዋል ውል ማፍረስ ነው ይባላል። ተገቢ ስጋት ነው፤ ስለዚህም ለሕያዋን የሚውለው መዋጮ በጉባኤ ተወስኖ በተለየ ሒሳብ መያዝ አለበት። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። እድር የሚያውቀው ያዋጣውን ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ከክፍለ ሀገር ገና የመጣው፣ ቤት በየጊዜው የሚቀይረው ተከራይ፣ ጎዳና ላይ የሚያድረው በመዝገቡ የሉም፤ ወረርሽኝ አስቀድሞ የሚያስርባቸው ደግሞ እነሱን ነው። እርዳታን በእድር በኩል ብቻ ማከፋፈል እነዚህን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ መዝለል ይሆናል። በዚህ ላይ የመዝገቡ እምነት ተሰባሪ ነው፤ የአባላት ስም ዝርዝር ለወረዳ ተላልፎ ለሌላ ዓላማ ከዋለ፣ በቀጣዩ ቀውስ ማንም በሽታውን ለእድሩ አይናገርም። ስለዚህ ዝርዝሩ እድሩ ዘንድ ቆይቶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ቤቶቹን ትጎብኝ፤ ከመዝገቡ ውጪ ያሉትን ፈልጎ የመመዝገቡ ኃላፊነት ደግሞ የወረዳው ይሁን፤ ይህም ጡሩምባ ከመነፋቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው መሠራት ያለበት።