በአበባው ሥር የሚቀመጠው ውኃ

በሐዋሳ ከተማችን አበባ የሌለበት በረንዳ ብዙ አይገኝም። ጽጌረዳው በአጥሩ ሥር፥ ጤና አዳሙና ጠጅ ሣሩ በማድቤቱ አጠገብ፥ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የቤት ውስጥ ተክሎች ደግሞ በሳሎኑ መስኮት ዳር ተደርድረው ይታያሉ። ቤትን በልምላሜ ማስጌጥ የሚያስመሰግን ልማድ ነውና እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን በየቤቱ ከሚደርቁት ተክሎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ጥማት ሳይሆን የባለቤታቸው ቸርነት መሆኑን የተገነዘበ ሰው ጥቂት ነው።

የተክል ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ዘወትር በውኃ ከተሞላ አየሩ መግቢያ ያጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም «ጠምቶት ነው» ብሎ ሌላ ጣሳ ውኃ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ መስደድ ያስፈልጋል። ርጥበት ከተሰማ ይቆይ፤ ደረቅ ከሆነ በማለዳ፥ ውኃው ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በደንብ ይጠጣ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ የላይኛውን አፈር ብቻ ስለሚያርስ ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርገዋል። የወተት ዱቄት ጣሳ ወይም አሮጌ ጀሪካን ለአበባ የሚሆነው ከታች በምስማር ከተበሳ በኋላ ነው። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ ምድር እንደ መሆኑ መጠን ቀላልና ባለቀዳዳ ድንጋይ በቅርብ ይገኛልና፥ ይህን አድቅቆ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ውኃው እንዳይታጎር ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከአበባው ማሰሮ ሥር ወለሉ እንዳይቆሽሽ ሣህን እናስቀምጣለን፤ በሣህኑም ውኃ ይጠራቀማል። ብዙ የከተማችን ነዋሪ ትንኝ ሲነክሰው ጣቱን ወደ ሐይቁ ይቀስራል፤ የነከሰችው ግን ከገዛ ሳሎኑ የተፈለፈለች ልትሆን ትችላለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በድሬዳዋ የተነሣውን የደንጌ ትኩሳት የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለችው ባለነጭ ነጠብጣብ ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን ትንሽ ውኃ ነው። በ2016 በቀብሪ ደኃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝም ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ በርሜልና ገንዳ ትራባለች።

በሞቃት ወራት ትንኝ ከእንቁላልነት ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃታል። ስለዚህ ሣህኑን በየ5 ቀኑ መድፋት ይገባል። ይሁን እንጂ መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ኤዴስ እንቁላሏን ከውኃው ጠርዝ ከፍ አድርጋ በዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለችና። እንቁላሉ ለወራት ደርቆ ሊቆይ፥ ውኃ ሲነካውም እንደገና ሊፈለፈል ይችላል። ሣህኑ በአሸዋ ወይም በብሩሽ ተፈግፍጎ መታጠብ አለበት። ሣህኑን በአሸዋ ሞልቶ ማሰሮውን በላዩ ማስቀመጥም ሌላ መላ ነው፤ አሸዋው ውኃውን ይሸሽገዋል። የተቀጠፈ አበባ የሚቀመጥበት ውኃም በዚሁ ሕግ ይተዳደር።

ነገሩ ቀላል ለሚመስለው አንባቢ አንድ ታሪክ እናስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ሊቃውንቱ በሽታውን ያዛመተችውን ትንኝ ሲፈልጉ ያገኟት በሰው ጓሮ፥ የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ በሚታጎረው የዝናብ ውኃ ውስጥ ነበር። ይህን ስንል ሲዳማዎች ወሴ የሚሉትን፥ ስንት ቤተ ሰብ የሚያኖረውን ተክል ይነቀል ማለታችን አይደለም። ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ውኃ መጥረግ የማይቻል ስለ ሆነ ለዚህ መፍትሔው ክትባት ነው፤ የቢጫ ወባን ክትባት አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ለጌጥ ብቻ የተተከለ ጎደሬ ግን ከመኝታ ቤት መስኮት ቢርቅ ይሻላል።

ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ ጫፉ ብቻ ቡናማ እየሆነ የሚደርቅ ተክል ያላቸው ደግሞ ውኃው ከየት እንደ ተቀዳ ይመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ ከሚቆፈሩት ጕድጓዶች ብዙዎቹ ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ እንደ ድራሴና ያሉ ረጃጅም ቅጠል ያላቸው ተክሎችም ይህን አይችሉትም። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ ከዚያ የበለጠው የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዘመን ሲጠጡትም አጥንትን ይጎዳል። ማፍላትም አያስወግደውም። ለአበባው የዝናብ ውኃ ይስማማዋል፤ በርሜሉ ግን በክዳን ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቃል ከማስረዳት ይልቅ በዓይን ማሳየት ይችላሉ። ከአበባ ሣህን የተገኙትን ትሎች ከነውኃቸው በብርጭቆ ጠርሙስ አድርጎ አፉን በአጎበር ቍራጭ ጥብቅ አድርጎ ማሰርና በክፍሉ መስኮት ላይ ማኖር ነው። ትሎቹ ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጡ፥ ቀጥሎም ወደ ኩብኩባነት ሲለወጡ፥ በጥቂት ቀናት ውስጥም ትንኞቹ ከአጎበሩ ሥር ሲበሩ ይታያሉ። አጎበሩ ሳይፈታ ጠርሙሱ ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ ሁሉም መሞታቸው ከታየ በኋላ ውኃው በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ።