ሜዳው ያታልላል፦ በጨፋ የጠጠር መንገድ ብስክሌት ለሚነዱ



አንድ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የስኳር ሕመምተኛ አባት ከወራት በፊት ወደ መድኃኒት ቤት መጥተው «እህቴ፣ ብስክሌት ገዛሁ፤ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎኛል» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ ግን ፊታቸው ሌላ ነበር። ከሱብሒ ሶላት በኋላ የስኳር ክኒናቸውን ውጠው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ጨፋ ሜዳ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ይነዳሉ። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄዱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ዐይናቸው ይጨልማል። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች «ፀሐይ መትቷቸው ነው» ብለው ጥላ ሥር አስቀምጠው ውሃ ብቻ አጠጧቸው። በዚያ ያለፈ ልጅ የያዘውን ሚሪንዳ ባይሰጣቸው ኖሮ ነገሩ የት ይደርስ እንደነበር አላህ ያውቃል። «መንገዱ እኮ ሜዳ ነው! ዳገት የሚባል የለውም፤ እንዴት ይህን ያህል ያደክመኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዛሬው ጽሑፌ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በአገራችን ብስክሌት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ደጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሎምፒክ የተወዳደሩት እነ ገረመው ደንቦባም ሆኑ፣ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ የደጋ ልጆች ናቸው። የእኛ አገር ግን ሌላ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። አጠገቧ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰበሰቡበት ሣራማና ረግረጋማ መሬት ነው። ለብስክሌት የተመቸ ይመስላል፤ ነውም።

ሜዳ የሚያታልለው ግን እዚህ ላይ ነው። ዳገት ያለበት መንገድ ቁልቁለትም አለው። ቁልቁለቱን ስትወርዱ እግራችሁ ያርፋል፣ ትንፋሻችሁ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ግን ፔዳሉን መምታት ካቆማችሁ ብስክሌቱም ይቆማል። በአስፋልት ቢሆን ጥቂት ይንሸራተት ነበር፤ ጠጠርና አሸዋ ላይ ግን ጎማው ስለሚሰምጥ ወዲያው ይይዛችኋል። ስለዚህ እግራችሁ ሳያርፍ ይሠራል፤ ጡንቻችሁም ከደማችሁ ስኳር ሳያቋርጥ ይወስዳል። ድካሙ እንደ ዳገት በአንዴ ስለማይመጣ አይታወቃችሁም፤ ሲታወቃችሁ ግን ከቤት ርቃችኋል።

ሁለተኛው አታላይ ነፋስ ነው። ሆላንድ የምትባለዋ አገር ገሚሷ ከባሕር ብዙም ከፍ ያላለ ዝቅተኛ መሬት ነው። ባሕሩን በአፈር ግድብና በአሸዋ ክምር እየከለከሉ ይኖሩበታል፤ ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጥ ብስክሌትም አላቸው። የእነርሱ ዳገት ነፋሱ ነው ይባላል። ጨፋ ላይም ዛፍ በሌለበት ቦታ እንዲሁ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲገፋችሁ ጉልበት ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ ስትመለሱ ግን ደክማችሁና ፀሐይ በርትቶባችሁ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስትሄዱ ነፋሱን በፊታችሁ ተቀበሉ፣ ስትመለሱ ይግፋችሁ። ነፋሱ ላባችሁን ቶሎ ስለሚያደርቀውም ያላላባችሁ ይመስላችኋል። ቤት ደርሳችሁ ልብሳችሁ ላይ ነጭ የጨው መስመር ካያችሁ ምን ያህል ውሃ እንደወጣችሁ ይገባችኋል።

ይህን ስል ብስክሌት እንድትተዉ አይደለም፣ በጭራሽ! እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የኮፐንሀገን ጥናት ከ30,000 በላይ ሰዎችን በአማካይ ከ14 ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ ወደ ሥራ በብስክሌት የማይመላለሱት ከሚመላለሱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ39 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብስክሌት የሰውነትን ክብደት ኮርቻው ስለሚሸከመው ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ከሩጫ ይሻላል። ስኳርና ግፊትንም ይቀንሳል። ችግሩ እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠን ያለው መሆኑ ነው፤ በተለይ ሌላ መድኃኒት አብሮት ሲወሰድ።

በመድኃኒት ቤት በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ኢንሱሊን የምትወጉና ግሊበንክላማይድ የተባለውን ክኒን የምትወስዱ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ብትበሉም ባትበሉም ስኳርን ያወርዳሉ። በዚያ ላይ ብስክሌት ሲጨመር ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ኢንሱሊን ጭናችሁ ላይ ወግታችሁ ወዲያው ከነዳችሁ ደግሞ፣ እግር ሲንቀሳቀስ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ በዚያ ቀን ሆድ ላይ መወጋት ይሻላል። የስኳር መለኪያ ያላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ። ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ ጥቂት ምግብ ቅመሱ። እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላም ስኳሩ እስከ ሌሊቱ ድረስ ሊወርድ ስለሚችል እራት አትዝለሉ። መጠኑን ለመቀነስ ግን ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ ክኒኑን በራሳችሁ አትተዉ።

መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መደናገር ሲጀምራችሁ «እስከዚያ ዛፍ ልድረስ» አትበሉ። ውረዱ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻላችሁ ድገሙ። ብዙዎቻችን ኪሳችን ውስጥ ተምር እንይዛለን፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን ተምር ከስኳር ውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ስኳሩን አስቀድሙ፣ ተምሩን ከኋላ አስከትሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አትስጡ፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ በባጃጅም ይሁን ባገኛችሁት ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

የግፊት ሕመምተኞችም አላችሁ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የመሰለ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ከሰውነት ውሃና ጨው ያስወጣል፤ ላቡም ያስወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ከብስክሌት ስትወርዱ ያዞራችኋል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ደግሞ የልብ ምትን ስለሚይዙ፣ ስኳር ሲወርድ የሚሰማችሁን የልብ መምታት ይደብቁባችኋል፤ ላቡን ግን አይደብቁትም፤ እርሱን ጠብቁ።

ስለ ውሃ። በጨፋ ሙቀት ከግማሽ ሰዓት በላይ ለሚነዳ ሰው ውሃ ሳይዝ መውጣት አይገባም። በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጎንጨት በሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ብዙ ላብ ካፈሰሳችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። የግፊትና የኩላሊት ሕመምተኞች ይህን ሐኪም ሳያማክሩ አይጠጡ፤ ስኳር ሕመምተኞችም እንዲሁ። ሽንታችሁ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ውሃው አልበቃችሁም ማለት ነው። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲመጣ ጥላ ፈልጉ። ጓደኛችሁ የማይገናኝ ነገር ማውራት ከጀመረ ግን ሙቀቱ አንጎሉን ነክቷል፤ ልብሱን አርሱ፣ አራግቡለት፣ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስባችሁ። ሞቋችሁ ወደ ቦይ ወይም ወደ ቦርከና አትግቡ፣ አትጠጡትም። ወንዙ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የከተማና የፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። እንዲህ ባሉ ሞቃት ሸለቆዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣም በቦይና በረጋ ውሃ ውስጥ ይገኛል። የበሽታው ትል ለመግባት ቁስል አይፈልግም፤ በጤነኛ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የአስር ሶላት መንገድ ላይ ከደረሰባችሁ ውዱእ የምታደርጉበትን ውሃ ከቤት በሌላ ጠርሙስ ያዙ፣ ወይም ቧንቧ ያለው መስጂድ እስክትደርሱ አስቡበት። የሶላቱን ፍርድ ዑለሞች ያውቁታል፤ እኔ የምናገረው ስለ ቦዩ ውሃ ብቻ ነው። ረግረጉ አካባቢ ወባም ስላለ ከመግሪብ በፊት ወደ ቤት ተመለሱ።

የጠጠሩ ነገር ደግሞ እጅ ላይ ይታያል። መሪውን አጥብቆ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ትንሿና የቀለበት ጣቱ ይደነዝዛሉ፤ በመዳፍ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ነው። መሪውን ለቀቅ አድርጉ፣ አያያዛችሁን ቀያይሩ። ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል አትንፉት፤ ጥቂት ሲለሰልስ ንዝረቱን ይውጣል። በጣም ከለሰለሰ ግን ጠርዙ ከድንጋይ ጋር ይጋጭና የውስጡ ጎማ ይቀደዳል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ ጉልበታችሁ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ከፍታው ልክ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል፤ የከተማችን ልጆች የሚነዱት አብዛኛው ብስክሌት ይህ ችግር አለበት። ወንዶች ብልታቸው አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማቸው ኮርቻውን ያስተካክሉ፣ በየመሐሉም ብድግ ይበሉ እንጂ አፍረው አይደብቁት።

እህቶችን አልረሳሁም። ልጅ ሳለን ከመድረሳ ስንወጣ ወንዶቹ ብስክሌት በደቂቃ እየተከራዩ ሲነዱ እኛ ቆመን እናይ ነበር። ዛሬ ለመንዳት ያሰበች እህት ካቴናው ሽፋን ያለው፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ብስክሌት ትምረጥ፤ ረጅም ልብስ በካቴና ወይም በኋላ ጎማ ከተያዘ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ በበጋ የከብት መንጋና የጭነት መኪና የሚያነሳውን አቧራ ይፍራ። አፍንጫና አፍን በጥጥ ሻሽ መሸፈን ይረዳል፤ ሐኪም ያዘዘው ቬንቶሊን ፓፍም ከኪሱ አይለይ። በክረምት ዋልካው ጎማ ላይ እየተለጠፈ ስለማያስኬድና ሜዳው ስለሚያጥለቀልቅ በአስፋልቱ ዳር መወሰን ይሻላል። በማንኛውም ጊዜ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚመጣው ሰው ጠይቁ።

በረመዷን መንዳት የሚፈልግ ጤነኛ ሰው ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ብሎ ቢነዳ፣ ቤቱም ቅርብ ቢሆን ችግር የለውም። የስኳር ሕመምተኛ ግን ረመዷን ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። በፆም ላይ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ሐኪሞች ወዲያውኑ እንዲያፈጥር ነው የሚመክሩት። ሳይለካ በፆም ብስክሌት ላይ መውጣት ከራስ ጋር ቁማር ነው።

ፍጥነቱን በምን እናውቃለን ትሉ ይሆናል። እየነዳችሁ ሳትቆራረጡ ዚክር ማለት ከቻላችሁ ልክ ነው፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ሦስት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ።

እኚያ አባት አሁንም ይነዳሉ። ቁርሳቸውን ቀምሰው፣ በኪሳቸው ስኳር በላስቲክ ቋጥረው ነው የሚወጡት። ባለፈው ሰኞ ብስክሌታቸውን ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ጋር አስደግፈው ገቡና ስለ ጉልበት ሕመም ቅባት ጠየቁኝ። ወጥቼ ኮርቻቸውን አየሁት፤ በጣም ዝቅ ብሏል። ቅባቱን ሳልሸጥላቸው ወደ ጠጋኙ ላክኋቸው።